ተማሪው የሚቀረው የት ላይ ነው? ስለ ኦንላይን ኮርስ አዘገጃጀት

(ቱሉ ዲምቱ ላይ ለመምህራንና ለአሠልጣኞች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ያውም የውኃ ተራ በደረሰበት ቀን ጀሪካናችሁን ትታችሁ መጥታችኋልና በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንግባ።

ፕላዝማን የማያስታውስ እዚህ ያለ አይመስለንም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተሰቀለው፣ ትምህርት በሳተላይት የሚያመጣው ቴሌቪዥን ማለታችን ነው። ምስሉ ያማረ ነበር፤ የሚያስተምረውም ሰው ትምህርቱን ያውቃል። ነገር ግን ተማሪው እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። ጥያቄ ይጠየቅና ተማሪው እስክሪብቶ ሳያነሳ መልሱ ይነገራል። መብራት የሄደ ዕለት የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ያለው መምህር ደግሞ በተረፈችው ጥቂት ደቂቃ ያመለጠውን ለመጠገን ይሮጣል። ዛሬ በስልካችን የምናየው አብዛኛው የኦንላይን ኮርስ ያው ፕላዝማ ነው፤ ስክሪኑ አንሶ ኪስ ገባ እንጂ።

ኦንላይን ትምህርት ሲባል የሚምታቱ ነገሮች አሉ። አንደኛው የምናውቀው የርቀት ትምህርት ነው፦ ወፍራም ሞጁል ይሰጣል፣ ተማሪው አሳይመንቱን አንዳንዴ ራሱ ሠርቶ፣ አንዳንዴ ከሰው ገልብጦ ያስገባል፣ ከዚያ ፈተና። ሌላው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት በተዘጉ ጊዜ የታየው ነው፤ መምህሩ ያለውን ማስታወሻ ፎቶ እያነሳ በቴሌግራም ላከ። በዚያው ዓመት ተመራማሪው ቻርልስ ሆጅስና ባልደረቦቹ ይህንን ከታቀደ የኦንላይን ትምህርት ለይተው «የአደጋ ጊዜ የርቀት ማስተማር» አሉት። ልዩነቱ መሣሪያው ላይ አይደለም። ያኛው ችግር ሲመጣ የተዘረጋ ድንኳን ነው፤ ይኼኛው መሠረት ተቆፍሮለት የሚሠራ ቤት ነው። ብዙ ተቋማት ችግሩ ካለፈ በኋላም ድንኳኑ ውስጥ ቀርተዋል።

ቤቱ እንዴት ይታቀዳል? የተለመደው መንገድ መምህሩ የሚያውቀውን ሁሉ ምዕራፍ በምዕራፍ ደርድሮ መቅረጽ ነው። እኛ የምንለው ግን ዕቅዱ መነሳት ያለበት ተማሪው ትምህርቱን አቋርጦ ከሚቀርባቸው ቦታዎች ነው። በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ ቢያንስ ይታያል። ኦንላይን ላይ የሚቀር ተማሪ በር አያንኳኳም፣ ደኅና ሁኑም አይልም። ለማንም ክፍት በሆኑ ትልልቅ የኦንላይን ኮርሶች ከተመዘገቡ 100 ሰዎች የሚጨርሱት 10 እንኳ የማይሞሉባቸው ጥቂት አይደሉም። ትምህርቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ አንዳንዱ የተዘጋጀው በዓለም ስመ ጥር በሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ አንድ ኮርስ እንያዝ፦ ለሱቅ ባለቤቶች የሚሰጥ የሂሳብ አያያዝ። እዚህ ኮንዶሚኒየም ሥር ባሉት ሱቆች የሚሠሩ ሰዎች ተማሪዎቻችን ይሁኑ።

መጀመሪያ የሚጻፈው የመጨረሻው ነው። «ተማሪዋ ስለ ሂሳብ አያያዝ ግንዛቤ ታገኛለች» ብላችሁ ከጻፋችሁ ምንም አልጻፋችሁም፤ ግንዛቤ አይታይም፣ አይለካም። እንዲህ ጻፉ፦ «በ6ኛው ሳምንት መጨረሻ ተማሪዋ የራሷን ሱቅ የአንድ ወር ሽያጭ፣ ወጪ፣ ዱቤና ቀሪ ዕቃ መዝግባ ትርፏን ወይም ኪሳራዋን በአንድ ገጽ ታወጣለች።» አሁን ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። ይህን ለማድረግ የተሸጠውን ዕቃ መግዣ ማስላት አለባት፤ ለዚያ በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ዕቃ መቁጠር አለባት፤ ለዚያ ቤት ውስጥ የተበላውን ስኳርና ዘይት መጻፍ አለባት፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ በቴሌብር የገባውን ገንዘብ መሳቢያ ውስጥ ከገባው ጋር በአንድ ደብተር ማስፈር አለባት። ኮርሱ ይኸው ነው። የሂሳብ አያያዝ ታሪክ፣ የዘርፉ ቅርንጫፎች፣ ዓለም አቀፍ ደረጃዎች የሚባሉት ሁሉ ከዚህ ሰንሰለት ውጭ ናቸው። ይውጡ። መምህር የሚወደውን ምዕራፍ ማውጣት እንደሚያመው እናውቃለን፤ ቢሆንም ይውጣ።

ቀጥሎ የተማሪዋ ሰዓት ነው፤ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከዚህ ወደ መርካቶ ዕቃ ለማምጣት የሚሄድ ሰው በታክሲ ሰልፍና በመንገድ የሚያጠፋውን ሰዓት ታውቁታላችሁ። ያ ሰዓት ለጆሮ ነጻ ነው፣ ለእጅና ለዓይን ግን አይደለም፤ ቆሞ የሚሄድ ሰው ሠንጠረዥ አይሞላም። ስለዚህ ማብራሪያው በድምፅ ብቻ የሚገባ ቅጂ ይኑረው፤ ልምምዱ ለማታ ይቆይ። በሳምንት 4 ሰዓት ካሰባችሁ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን 30 ደቂቃ፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ደግሞ 1 ሰዓት ተኩል አድርጉት። በ6 ሳምንት 24 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ተማሪዋ የእናንተን ድምፅ የምትሰማበት ከሲሶው እንዳይበልጥ። የቀረው የእሷ ሥራ ነው፦ መመዝገብ፣ መደመር፣ መሳሳት፣ ማስተካከል። የእሑድ ጠዋትን ለትምህርት የመደበ ሰው ቤተ ክርስቲያንን፣ ዕድርንና ማኅበርን የረሳ ነው።

ከሰዓት ቀጥሎ ሜጋባይት ይመጣል፤ አብዛኛው አዘጋጅ ይህን አያሰላውም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ቪዲዮው በሴኮንድ የሚወስደውን የመረጃ መጠን፣ ማለትም ኪሎቢቱን፣ በ60 አባዝቶ ለ8 ማካፈል፣ የአንድ ደቂቃውን ኪሎባይት ያወጣል። ስላይድና ድምፅ ብቻ ያለው ቪዲዮ በሴኮንድ ወደ 330 ኪሎቢት ቢወርድ ይነበባል፤ ደቂቃው 2.5 ሜጋባይት ያህል ነው። በሳምንት 4 ቪዲዮ፣ እያንዳንዱ 6 ደቂቃ፣ ለ6 ሳምንት ብንል 144 ደቂቃ ነው፤ ሁሉም 360 ሜጋባይት። ያንኑ በሴኮንድ 1,500 ኪሎቢት በሆነ ጥራት ብትጭኑት 1.6 ጊጋባይት ይሆናል፤ ለተማሪዋ ግን የሚጨምርላት የእናንተ ሸሚዝ ቀለም ነው። ማሳነሻው ሀንድብሬክ የሚባለው ፕሮግራም ነጻ ነው።

አሁን ቀጥታ የሚደረገውን ክፍለ ጊዜ እዩ። በሳምንት 40 ደቂቃ፣ የሁሉም ካሜራ በርቶ፣ በሴኮንድ 1,000 ኪሎቢት ቢሄድ በ6 ሳምንት 1.8 ጊጋባይት ይበላል፤ ከቪዲዮዎቹ ድምር 5 እጥፍ። በድምፅ ብቻ፣ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ሲሆን ግን 115 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስለዚህ በቀጥታው ሰዓት ማስተማር አያስፈልግም። ትምህርቱ ቀድሞ ይላክ፤ ቀጥታው ለጥያቄና ለተሳሳተ ሥራ ማረሚያ ይሁን፣ ካሜራ ይጥፋ። በነገራችን ላይ በዙም ነጻ አገልግሎት የቡድን ስብሰባ በ40 ደቂቃ ይቆረጣል፤ ለ1 ሰዓት ያቀደ መምህር ዋናውን ነጥብ ሊናገር ሲል ይጠፋል። ስብሰባውን 35 ደቂቃ አድርጋችሁ ያዙት።

የመጀመሪያው መቅሪያ ቦታ የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ተማሪዋ ገና ሳትማር ትቀራለች። ምክንያቶቹ ሲሰሟቸው ትንንሽ ናቸው። የይለፍ ቃል መላኪያው ኢሜይል ነው፣ እሷ ደግሞ ኢሜይሏን የከፈተላት ስልኩን የሸጠላት ልጅ ነው። ማስታወሻው በድሮ የግዕዝ ፎንት ስለተተየበ ስልኳ ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ወጣ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት በሚያውቁበት ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስካሁን በድሮው ፎንት የምትጽፉ ካላችሁ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ሳትለውጡ ለተማሪ አትላኩ።

ሰዓትና ቀንም አለ። ሲስተሙ «20:00» ይላል፤ ለእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። «ዓርብ 00:00 ድረስ አስገቡ» ሲል ደግሞ በፈረንጁ አቆጣጠር ዓርብ ሲጀምር ማለት ነው፤ ለእኛ ሐሙስ ሌሊት 6 ሰዓት። ተማሪዋ ዓርብን ሙሉ ቀን እንዳላት አስባ ትተኛለች፣ ስትነሳ ተዘግቷል። ማስረከቢያን ሁልጊዜ ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት አድርጉ፤ ቀኑንም በእኛም በፈረንጁም ጻፉት፦ «ሐሙስ ከምሽቱ 3 ሰዓት»፣ ከጎኑ የሁለቱም ወር ቀን።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የመጀመሪያ ቀናት ትምህርት አይጫንባቸው። ሦስት ነገር ብቻ ይሠራባቸው፦ መግባት፣ አንድ ፎቶ አንስቶ መላክ፣ አንድ ጥያቄ መመለስ። ፎቶው የዱቤ ደብተሯ አንድ ገጽ ይሁን፤ የሰው ስም ግን በወረቀት ይሸፈን። ይህን ያደረገች ተማሪ መንገዱን አውቃዋለች። ላላደረገችው በ3ኛው ቀን መደወል ነው፤ መልእክት አይበቃም፣ መደወል።

ወደ ቪዲዮው ስንመጣ፣ ተመራማሪው ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ኤድኤክስ በሚባለው የኦንላይን ኮርሶች መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታ መርምረው ነበር። ቪዲዮው ምንም ያህል ቢረዝም መካከለኛው ተመልካች የሚቆየው ቢበዛ 6 ደቂቃ ያህል እንደሆነ አገኙ። ከላይ 6 ያልነው ለዚህ ነው። ይሁንና የ48 ደቂቃ ንግግር ለ8 ቆርጦ መጫን መፍትሔ አይደለም፤ የተቆረጠ ሥጋ ሳይደርቅ ቋንጣ አይሆንም። አንድ ቪዲዮ አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ «ቤት የወሰድኩትን ዕቃ እንዴት እጽፋለሁ?» በቃ። ሰላምታው 5 ሴኮንድ፣ ሙዚቃ የለም።

የኮንዶሚኒየም ክፍል ግድግዳው ባዶ ስለሆነ ያስተጋባል። ከጀርባችሁና ከፊታችሁ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ወደ ጎን ጠጋ አድርጉት፣ ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታው። የድምፅ ማጉያና የልጆች ጩኸት የሚበርድበትን ሰዓት ሰፈራችሁ ያስተምራችኋል። ሰው የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፣ የሚያስተጋባ ድምፅ ግን አይታገሥም።

ስላይዱ ላይ የእኛ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። «ሱ» እና «ሲ» የሚለዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ነው፤ «ሲ» እና «ሴ»ን የምትለየውም ትንሽ ቀለበት ናት። ቪዲዮ ሲታመቅ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ጭረት ናት። የፊደሉ ቁመት ከስክሪኑ ቁመት አንድ አሥራ ሁለተኛ እንዳያንስ፤ ቁመቱ 360 ፒክሰል (የምስል ነጥብ) በሆነ ቪዲዮ 30 ፒክሰል ማለት ነው። በአንድ ስላይድ ጽሑፉ ከ5 መስመር አይለፍ። የተጻፈውን ቃል በቃል ማንበብም ይቅር፤ ዓይን ከአፍ ይቀድማል፣ ሁለቱ ሲጣሉ የሚከስረው ተማሪው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልፋት የሚገባው ጥያቄው ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን የበለጡት አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት ነበሩ። ጥያቄ ከትምህርት በኋላ የሚመጣ ቅጣት ሳይሆን ራሱ ትምህርት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቪዲዮ በኋላ 3 ጥያቄ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ካለፈው ሳምንት 2 ጥያቄ ድገሙ።

ጥያቄ እንዴት ይሠራል? ይህን እዩ። «ጠዋት መሳቢያው ውስጥ 500 ብር ነበር። በቀኑ 6,200 ብር ተሸጠ፤ ከዚህ ውስጥ 900 በዱቤ፣ የቀረው በጥሬ ገንዘብ። ከመሳቢያው ለትራንስፖርት 150 ብር ወጣ። ማታ መሳቢያው ውስጥ ስንት ብር መኖር አለበት?» ምርጫዎቹ፦ 5,650፣ 6,550፣ 5,150፣ 5,800። ትክክሉ 5,650 ነው። የተቀሩት በዘፈቀደ የተጻፉ አይደሉም፦ 6,550 ያለችው ዱቤን እንደ ጥሬ ገንዘብ ቆጥራለች፤ 5,150 ያለችው የጠዋቱን 500 ረስታለች፤ 5,800 ያለችው ወጪውን አልቀነሰችም። እያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ የራሱ ማብራሪያ ይዘጋጅለት። «ተሳስተሻል፣ እንደገና ሞክሪ» ብቻ የሚል ሲስተም ከሎተሪ አይሻልም፤ ከ4 ምርጫ ሳያስቡ መምታት የሚቻለው ከ4 አንድ ጊዜ ነው፣ በእውነት/ሐሰት ደግሞ ከ2 አንድ ጊዜ።

መልስ በጽሑፍ ይግባ ካላችሁ ተጠንቀቁ። ኮምፒውተሩ ፊደል በፊደል ያመሳክራል። ለእሱ «ሂሳብ»፣ «ሒሳብ» እና «ሂሣብ» ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ «ዕቃ» እና «እቃ»ም እንዲሁ። ትክክል የመለሰች ተማሪ ዜሮ አግኝታ የምትቀርበት ቦታ ይህ ነው። ወይ አጻጻፎቹን ሁሉ እንደ ትክክል አስገቡ፣ ወይ መልሱ ቁጥር እንዲሆን ጥያቄውን ለውጡ።

ሁለተኛው ትልቅ መቅሪያ የመጀመሪያው የቤት ሥራ ነው። ተማሪዋ አምሽታ ሠርታ ትልካለች፤ 10 ቀን ዝም ይባላል። ሁለተኛውን አትልክም፣ ማንም ይሁን ማን አይልክም። የመምህሩ ዝምታ ግን ከስንፍና ብቻ አይመጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ያልተሠራ ስሌት ነው። 60 ተማሪ ተቀብላችሁ ለእያንዳንዱ 8 ደቂቃ ብታርሙ 480 ደቂቃ፣ ሙሉ 8 ሰዓት በሳምንት ነው። የላችሁም። እንግዲህ ወይ 25 ተማሪ ተቀበሉ፣ ወይ አስተራረሙን አሳጥሩ። ሊሆን የሚችለው ይህ ነው፦ ማረሚያው 4 መስመር ይኑረው (ገቢው ሙሉ ነው? ዱቤው ተለይቷል? የቤት ፍጆታ ተጽፏል? ድምሩ ትክክል ነው?)፤ በየመስመሩ ምልክት አድርጉና አንድ ደቂቃ የማትሞላ የድምፅ መልእክት በስሟ ላኩ። 3 ደቂቃ ይወስዳል፤ ለ60 ሰው 3 ሰዓት። የብዙዎች የሆነውን ስህተት ደግሞ በቀጥታው ክፍለ ጊዜ ለሁሉም አንድ ጊዜ ተናገሩት። ከ3 ቀን በላይ አታቆዩ፤ 3 ቀን እንደሚወስድም በመጀመሪያው ገጽ ጻፉ።

የቤት ሥራው ከራሷ ሱቅ ከሆነ መገልበጥም በራሱ ይቀንሳል፤ የጎረቤትን ደብተር ገልብጦ የራስን መሳቢያ ማስታረቅ አይቻልም። ለመጨረሻው ሥራ ብቻ 5 ደቂቃ ደውላችሁ «ይህ 1,340 ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሠራው ሰው ወዲያው ይናገራል።

ሦስተኛው መቅሪያ መካከሉ ላይ ነው፤ በዓል፣ ለቅሶ፣ የታመመ ልጅ። ሰው አንድ ሳምንት ይዘላል፣ ሲመለስ የተከመረውን አይቶ ተመልሶ ይወጣል። የ6 ሳምንቱን ኮርስ በ7 ሳምንት አቅዱት፤ 4ኛው ሳምንት ምንም አዲስ ነገር የሌለበት፣ ወደ ኋላ የቀረ የሚደርስበት ይሁን። ኮርሱም በፋሲካ ወይም በረመዳን መጨረሻ ሳምንት አይጀመር። የሱቅ ባለቤት ከሆነች በበዓል ዋዜማ ገበያ ስላለባት ለትምህርት ጭራሽ አትገኝም።

ኮርሱ የሚጫንበትን መድረክ በተመለከተ ብዙ አንልም፤ ሰው በመድረክ ምርጫ ወር እየፈጀ ለጥያቄዎቹ አንድ ቀን ሲሰጥ ይታያል። ሙድል ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ነጻና ክፍት ሲስተም ነው፤ የስልክ መተግበሪያው ትምህርቱን አውርዶ ያለ ኔትወርክ ለማየት ያስችላል፣ ግን ሰርቨርና የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። ተማሪያችሁ ከ100 በታች ከሆነ ቴሌግራም ይበቃል፤ ሁለቱን ነገር ግን አታቀላቅሉ። ትምህርቱ እናንተ ብቻ የምትለጥፉበት ቻናል ላይ ይሁን፣ ጥያቄና ጨዋታ ግሩፕ ላይ። ካልሆነ የማክሰኞው ትምህርት በ80 «እንኳን አደረሳችሁ» ሥር ይቀበራል። ቻናል ላይ የሚለጠፍ ጥያቄ ማን ምን እንደመለሰ አያሳይም፤ የመላሹን ስም ማየት ከፈለጋችሁ ግሩፑ ላይ ስም የሚታይበት አድርጋችሁ ለጥፉት።

ከመክፈታችሁ በፊት የመጀመሪያውን ሳምንት በ5 ሰው ሞክሩ። ባልደረባ አይሁኑ፤ ሱቅ ያላቸው፣ የራሳቸውን ስልክና የራሳቸውን ጥቅል የሚጠቀሙ ይሁኑ። አጠገባቸው ተቀመጡና አትናገሩ። «እዚህ ጋ ተጫኚ» ማለት ያምራችኋል፤ ዝም በሉ። ጣታቸው የቆመበትን ቦታና ስንት ሴኮንድ እንደቆመ ብቻ ጻፉ። ከ5ቱ 2ቱ አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ ችግሩ የእነሱ አይደለም፣ ያንን ገጽ እንደገና ሥሩት።

ኮርሱ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ በየሳምንቱ ዓርብ አንድ ሠንጠረዥ ሙሉ፦ ስም፣ መጨረሻ የተከፈተው ትምህርት፣ መጨረሻ የተላከው ሥራ። 7 ቀን ለጠፋ ሰው ሲደወል «ለምን ቀረሽ?» አይባልም፤ ይህን የሰማ ሰው ይቅርታ ጠይቆ ስልኩን ይዘጋል። «የትኛው ትምህርት ላይ ነው የቆምሽው?» በሉ። የምትነግራችሁን ቁጥር ጻፉት፤ የሌሎቹም መልስ እዚያው ቁጥር ላይ መደራረብ ከጀመረ፣ በሚቀጥለው ዙር መጀመሪያ የምታፈርሱት ያንን ትምህርት ነው።